ቢጫው ለቦርደዴ

ኃይለየሱስ ያን ማክሰኞ ቦርደዴ ድረስ የወረደው አንዲት ገመድ ለመሰካት ነበር። ከቺሮ በጠዋት ተነስቶ፣ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት የሽንኩርት ጆንያ መሃል ታጭቆ፣ ሚኤሶን አልፎ፣ አሰቦት ላይ አቧራውን ጠጥቶ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ከተጣበቀ በኋላ ደረሰ። የቢሮው ሰዎች ኮምፒውተሩን ከበው እንደ በሽተኛ እያዩት ቆመው ጠበቁት። እሱም ጎንበስ አለና ጠረጴዛው ሥር ገብቶ፣ ላልታ የወጣችውን የስክሪን ገመድ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋት። ስክሪኑ በራ።

«ማሻአላህ!» አሉ ባንድ አፍ።

የቢሮው ጸሐፊ ኢንሳፍ ደግሞ «ጋሼ፣ ይህ እጅህ የተባረከ ነው» አለችው።

የተባረከ እጅ! ኃይለየሱስ ይህን ሲሰማ ወገቡን ይዞ ከጠረጴዛው ሥር እየወጣ ነበር። በልቡ «ምነው በተረገመና ቤቴ በገባሁ» አለ። እጁ የተባረከ በመሆኑ ነው እኮ ከቺሮ መውጣት ያቃተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይለየሱስ ቺሮ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን ብንጠራው ሥራው በማይቀልለት አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ሲመጣ «ለሁለት ዓመት ነው» ተብሎ ነበር። የመንግሥት ሁለት ዓመት ግን ይለጠጣል። በመሃሉ አገባ፣ ወለደ። ሚስቱ መክሊት እዚያው ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት፤ ልጁ ዮሐና አራተኛ ክፍል ገብታለች። ፈቃድ ሲያገኝ ሄዶ ያያታል፣ የቀረውን በስልክ ነው ያሳደጋት። ሚስት አለኝ፣ ልጅ አለኝ ይላል ለጠየቀው ሁሉ፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

የዝውውር ጥያቄ በየዓመቱ ያስገባል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ዘንድሮ ግን የደብረ ብርሃኑ መሥሪያ ቤት «እንቀበለዋለን» ብሏል፤ የቀረችው የዚህኛው ኃላፊ ፊርማ ብቻ ናት። ኃላፊው አቶ አብዱናስር ደግሞ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተጣልቷቸው ይገላገል ነበር።

ከቦርደዴ በተመለሰ ማግስት ቢሯቸው ገብቶ ቆመ።

«ተቀመጥ እንጂ ኃይሌ።»

«አልቀመጥም። ደክሞኛል፤ ከተቀመጥኩ አልነሳም።»

አቶ አብዱናስር መነጽራቸውን አወለቁ። «አቦ፣ እኔ ላንተ ጠላት አይደለሁም። ግን ብፈርምልህ ነገ እነዚህን ማሽኖች ማን ያስነሳቸዋል? ምትክ ብጠይቅ ብጠይቅ የሚሰጠኝ አጣሁ። ይኸው ለሚኤሶ፣ ለአሰቦትና ለቦርደዴ አዲስ ኮምፒውተሮች መጥተዋል። አንተ ከሌለህ ተዘግተው ይበሰብሳሉ።»

«እኔ ሳልሄድ ቢሠሩስ?»

«እንዴት አድርገው?»

«እዚህ ፕሮግራማቸውን ጭኜ፣ ፈትሼ፣ ነቃቅዬ አሽጌ ልላካቸው። እዚያ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ይስኳቸው። እኔ አልወርድም፤ በስልክም እንዲህ አድርጉ አልልም።»

አቶ አብዱናስር ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የማይሆን ነገር ቃል እንደሚገባ ሰው ፈገግ አሉ። «ያንተ እጅ ሳይነካቸው፣ ያንተ ድምፅ ሳይገባበት በሦስቱም ቦታ ከበሩ፣ ወላሂ በዚያው ቀን እፈርማለሁ። ካልበሩ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ይህን ወሬ አታነሳብኝም።»

«ቃልዎ ነው?»

«ወላሂ አልኩህ እኮ!»

በዚህ ተለያዩ። ኃይለየሱስ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ እያስነሳ ፕሮግራሙን ከጫነባቸው በኋላ ምልክት ማድረግ ጀመረ። መጀመሪያ በማርከር ሞከረ፤ ጥቁር ገመድ ላይ ጥቁር ማርከር ምን ሊታይ? ቀጥሎ ከፋርማሲ የቁስል ፕላስተር አምጥቶ በየገመዱ ጫፍ ለጠፈና በላዩ «ስክሪን»፣ «መብራት» እያለ ጻፈበት። ለሙከራ አንዱን መስኮት ላይ ፀሐይ ውስጥ ትቶት ምሳ ሄደ። ሲመለስ ፕላስተሩ ተንሸራቶ ወድቋል። ቺሮ ላይ እንዲህ የሆነ ቦርደዴ ላይ ምን ሊሆን ነው? ደግሞስ ሰው ገመድ የሚሰካው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ በጨለማ ነው። ማን ያነበዋል?

«ጋሼ ኃይሌ፣ ገመድ ቆሰለ እንዴ? ምነው በፕላስተር ታክመዋለህ?»

ፈርዶሳ ናት፣ የአቶ አብዱናስር ጸሐፊ። ምላሷ ቶሎ የሚደርስ፣ እጇም ከምላሷ የማይዘገይ ልጅ ናት። እናቷ አደ ሙሚና ከበደሳ በኩል የሚመጣውን ጫት ተረክበው ወደ ቆላው የሚልኩ ነጋዴ ናቸው። ኃይለየሱስ ጣጣውን ሲነግራት ሳቀችና «የማይላቀቅ ምልክት እኛ ቤት ሞልቷል» አለች። በማግስቱ አንድ ዘምቢል ሙሉ የፌስታል ቁራጭ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ በጣት ስፋት እየተቀደደ የተዘጋጀ። የጫት እስር የሚታሰርበት ነው። ላብ አያላቅቀውም፣ ፀሐይ አይፈታውም፣ ዝናብም አያጠፋውም።

ኃይለየሱስን ደስ አለው። ድካም የለመደ ሰው ሲደሰት ዝም ብሎ ነው የሚሠራው፣ እሱም እንዲያ ሠራ። ከየገመዱ ጫፍ ላይ ፌስታል እያሰረ ቋጠረበት፦ የመብራቱ ገመድ አንድ ቋጠሮ፣ የስክሪኑ ሁለት፣ የኔትዎርኩ ሦስት። ከየመሰኪያው ጎን ደግሞ በፈርዶሳ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረገበት። የጥፍር ቀለም ሲደርቅ እብጥ ይላል፤ በጨለማም ቢሆን ጣት ያገኘዋል። ሁለት ቋጠሮ ያለው ሁለት ነጥብ ወዳለበት፤ በቃ፣ ሌላ ትምህርት የለውም። ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ስለሆነ የማንኛውም ገመድ ለማንኛውም ይሆናል።

እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። እሱ ግን የታታሪነት ነገር ይዞት ካርቶኖቹንም በቀለም ለያቸው። ካርቶኑ ሲከፈት ምን እንዳለበት ከውጭ ይታወቅ ብሎ፣ ስክሪን ያለበትን ቢጫ፣ ሲፒዩ ያለበትን አረንጓዴ፣ ገመድና ኪቦርድ ያለበትን ቀይ አሰረበት። የሚሄዱበትን ከተማ ስም ደግሞ በማርከር በትልቁ ጻፈ። የራሳቸውን ካርቶን መጋዘኑ ውስጥ ዝናብ ስለበላው ያሸገው ከየሱቁ በለቀመው ካርቶን ነው፤ አንዱ «የምግብ ዘይት» ይላል፣ አንዱ «የልብስ ሳሙና»።

በዚሁ ሰሞን አንድ እሑድ ዮሐና ደወለች። ሁልጊዜ እሑድ ትደውላለች፤ ምክንያቷም ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አባዬ፣ ቲቪው እምቢ አለ።»

መክሊት ቤት ስታጸዳ ከሪሲቨሩ ጀርባ ያሉት ገመዶች ይወልቃሉ፣ የትኛው የት እንደሚገባ ደግሞ ይምታታባቸዋል። ኃይለየሱስ ከቺሮ ሆኖ «እሱን አይደለም፣ ከጎኑ ያለውን፣ አይ፣ ወደ ግድግዳው ያለውን» ሲል ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ገመዱ ሲያልቅ ወሬው ይቀጥላል፤ ስለ ወለቀው ጥርሷ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለምትጠላው አስተማሪ። ያን እሑድ ግን አዲሱ ዘዴው ትዝ አለው።

«ከእናትሽ የስፌት ክር አምጪ» አላት። እያንዳንዱን ገመድ አስቋጠራት፣ ከየመሰኪያው ጎን በእስክሪብቶ ነጥብ አስደረጋት። «በቃ፣ ከእንግዲህ ቢወልቅ ቋጠሮውን ቆጥረሽ ትሰኪዋለሽ።»

«በራ! አባዬ፣ እኔ አበራሁት!» እያለች ዘለለች። ኮራባት።

የሚቀጥለው እሑድ ስልኩ አልጮኸም። አመሻሹ ላይ ራሱ ደወለ።

«ውጭ እየተጫወተች ነው» አለችው መክሊት። «ቲቪው? እሱማ አሁን ራሷ ናት የምትሰካው። አንተ በዚህ እንዳትጨነቅ።»

«ጎበዝ ናት» አለ። ስልኩን ዘግቶ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ከፋው። ራሱ ባስተማረው ነገር መከፋቱ ደግሞ አሳፈረው። ቤቱ ያለ እሱ ቆሟል፤ እንዲቆም ያደረገውም እሱ ነው። ወደ ቤቱ የሚገባው መቼ ነው ይል ነበር እንጂ፣ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ከዚያ በፊት አስቦት አያውቅም ነበር።

ዓርብ ዕለት ዕቃው ተጫነ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከቆመ ቆይቶ ጎማው ሥር ሣር በቅሏል፤ እናም ካርቶኖቹ በአደ ሙሚና አይሱዙ ከጫቱ ጋር አብረው እንዲወርዱ ተስማሙ። ሾፌሩ ጅብሪል ከጫኞቹ ጋር መጣ። ኃይለየሱስ «የከተማው ስም ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ስሙን እያየህ አውርድ» አለው።

«ረኮን ሂንጅሩ» አለ ጅብሪል፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ኃይለየሱስ ይህችን ቃል ሰምቶ ችግር ያልመጣበትን ቀን አያስታውስም።

ልክ መጫን ሲጀምሩ ዘበኛው እየሮጠ መጣ። ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተሩ አልሠራ ብሎ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ «ቶሎ ድረስ!» ኃይለየሱስ ሄዶ ቢያየው ገመዱ ወልቋል። ሰካው። አጨበጨቡለት። ሲመለስ አይሱዙው የለም፤ ጅብሪል ለጁምዓ ሰላት ሚኤሶ ልድረስ ብሎ ነድቶ ሄዷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ከሰዓት በኋላ ኢንሳፍ ከቦርደዴ ደወለች። ኃይለየሱስ ላይናገር ቃል ስለገባ ስልኩን ፈርዶሳ ተቀበለች፣ ድምፁንም ከፍ አደረገችው።

«ፈርዶሳ፣ እንኳን ደስ ያለን! ስክሪን ደረሰን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ክፍሉ ሙሉ ስክሪን ሆነ። ሌላው በሌላ መኪና ነው የሚመጣው?»

«ሌላው ምኑ?»

«ስክሪን ብቻ ነዋ የመጣው። ገመድ የለው፣ ምን የለው።»

ስልኩ ገና ሳይዘጋ አሰቦት ደወለ። እዚያ ያለው ቡሽራ በጎ ሰው ነው፤ ነገር ሲበላሽም ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። «ሲፒዩዎቹ ደርሰዋል፤ ማሻአላህ ብዙ ናቸው። ግን በምን እንያቸው?» አለ። ሚኤሶ ደግሞ ገመድና ኪቦርድ ብቻ ክምር ሆኖ ተራግፎለት «ይህን ሁሉ ገመድ ምን እናስርበት?» ብሎ ጠየቀ።

ፈርዶሳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! ጋሼ፣ ፌስታሉን ካርቶን ላይ አስረኸው ነበር እንዴ?»

«አዎ፤ ምን ችግር አለው?»

«እኔ ገመዱ ላይ ብቻ መስሎኝ! እናቴ ዘንድ እኮ ቀይ ማለት ሚኤሶ ነው፣ አረንጓዴ አሰቦት፣ ቢጫ ቦርደዴ። ጫኞቹ እንደ ጫቱ ነው ያወረዱት!»

ጅብሪልን በስልክ ያዙት። አንዳች ጥፋት የሠራ አልመሰለውም። «ካርቶን ይዋሻል፣ ጋሼ» አለ። «ብስኩት ይልሃል፣ ጫማ ይወጣዋል። ያንተም ቢሆን ዘይት ነው የሚለው፣ ዘይት ነበር? ፌስታል ግን ዋሽቶ አያውቅም።»

ኃይለየሱስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አልተናደደም፤ ለመናደድም ጉልበት ይጠይቃል። የታየው የሚቀጥለው ዓመት ብቻ ነው፤ ሚኒባሱ፣ የሽንኩርት ጆንያው፣ ጠረጴዛው ሥር መንበርከኩ፣ ከዚያ ደግሞ የማይጮኸው የእሑድ ስልክ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ከዚያ እንደ ልማዱ ቦርሳውን አነሳ።

«ወዴት ነው?» አለች ፈርዶሳ።

«ልውረድና ልለየው እንጂ፣ ምን አማራጭ አለ?»

«ብትወርድ አቶ አብዱናስር ምን እንደሚሉህ አታውቅም? ቁጭ በል! እኛ ያበላሸነውን እኛ እናስተካክል። አንተ እጅህን ሰብስብ።»

እናቷ ጋ ደወለች። አደ ሙሚና ነገሩን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ «የኔ ልጆች ቀለም አይስቱም!» እያሉ ኮሩባቸውም። ሲጨርሱ ግን መላ አላጡም። የጫት መኪና ጭኖ ይወርዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። ቅዳሜ ሲወርድ ከሚኤሶ ገመድ፣ ከአሰቦት ሲፒዩ እያነሳ የየድርሻቸውን ያደርሳል፤ ሲመለስ ከቦርደዴ ስክሪኑን፣ ለሚኤሶም ከአሰቦት ሲፒዩውን እያንጠባጠበ ይወጣል። ለየከተማው እኩል ይከፋፈላል። የትኛው ገመድ የማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቋጠሮው ሁሉም ጋ አንድ ነው። ኃይለየሱስ ይህን ሲሰማ ቦርሳውን ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ መለሰው።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ቦታ ሊሰኩ ተነሱ። አቶ አብዱናስር ከቢሯቸው ወጥተው ፈርዶሳ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሙ። ኃይለየሱስ ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ቀበረ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀመጠ።

ሚኤሶ በራ። አሰቦትም ብዙ አልቆየ፤ ቡሽራ «ኧረ በርቷል፣ ሁሉም በርቷል» ብሎ በለሆሳስ አበሰረ። ቦርደዴ ቀረ።

«አንድ ቋጠሮውን ሰካነው» ትላለች ኢንሳፍ በስልክ፣ ድምፅዋ ከጠረጴዛ ሥር እየመጣ። «ሁለት ቋጠሮውንም ሰካነው። አሁን እናብራው… ፈርዶሳ፣ አልበራም። ሲፒዩው ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጋሼ እዚያ አለ?»

ኃይለየሱስ አለ። ምን እንደሆነም ያውቃል። ገመዷ ገብታለች፣ እስከ መጨረሻው ግን አልተገፋችም። አንዲት ቃል ነው የሚበቃው፤ «ግፊው» ቢላት አለቀ። አቶ አብዱናስር ቀና ብለው አዩት። ከንፈሩን ነከሰ። ዓመታት ሙሉ ሲናገረው የኖረ ቃል ነው።

ከዚያ ከወዲያኛው በኩል የሌላ ሴት ድምፅ ተሰማ። «እስቲ በአውራ ጣትሽ ገፋ አድርጊው። ጋሼ ሲመጣ እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?»

ከዚያ ቦርደዴ ባንድ አፍ «ማሻአላህ!» አለች።

ኃይለየሱስ እጆቹን ከጭኑ ሥር አወጣቸው፤ ደንዝዘዋል። ፈርዶሳ እልል አለች። አቶ አብዱናስር ግን ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ኃይሌ» አሉ። «ሌሊቱን እንዳይሳካ ዱዓ ሳደርግ ነው ያደርኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ። አንተን ማጣት ከበደኝ።»

«እኔም እርስዎን ለመጥላት ብዙ ሞክሬ ነበር» አለ ኃይለየሱስ። «አልሆነልኝም።»

በዚያው ቀን ፈረሙ።

ሽኝቱን ረጅም አላደረገውም፤ ለሽኝትም ደክሞታል። ሻንጣው እንደ ሌላው ሰው ሻንጣ ጥቁር ስለሆነ፣ ከአውቶቡሱ ላይ ሲወርድ እንዲለይለት ጠረጴዛው ላይ ከተረፉት ፌስታሎች አንዱን አንስቶ እጀታው ላይ አሰረ። ቢጫ ነበር። ሰው ከስህተቱ ይማራል ያለ ማን ነው?

አውቶቡሱ ለምሳ ቦርደዴ ቆመ። ኃይለየሱስ በመስኮት ሲመለከት አንድ ወዛደር ከጣራው ላይ የጫት እስሮች ተቀብሎ አወረደና፣ ቀጥሎ የእሱን ሻንጣ ትከሻው ላይ አድርጎ መንገዱን ሲሻገር አየው። ዘሎ ወረደ።

«ኧረ ሻንጣዬን! የኔ ነው!»

ወዛደሩ ዞር ብሎ በግርምት አየው። «ቢጫ ነው እኮ!» አለው።

ኃይለየሱስ ሳቀ። እንዲህ ከሳቀ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው እሱም አያውቅም። ሻንጣውን ተቀብሎ ቀና ሲል የቦርደዴው ቢሮ ፊት ለፊቱ ነው፤ በሩ ክፍት ነው። አውቶቡሱ እስኪነሳ ጊዜ አለ፤ ገባ።

ኢንሳፍና ሌሎቹ ለምሳ ወጥተዋል። አንዲት የማያውቃት ወጣት ብቻዋን ተቀምጣ ትጽፋለች፤ ደረቷ ላይ ያለው ባጅ ገሊላ ይላል። ኮምፒውተሮቹ ተደርድረው በርተዋል። ከየጠረጴዛው ሥር ቋጠሮዎቹ ይታያሉ። ከዳር ያለው ገመድ ትንሽ የላላ መሰለውና ከሰላምታው ጋር እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እባክዎ ገመዱን አይንኩት» አለች ልጅቷ በትሕትና፣ ግን ከወንበሯ ብድግ ብላ። «በቋጠሮው ነው የተሰካው፤ ይበላሽብናል።»

እጁን ሰበሰበ። «ማን አስተማራችሁ?»

«ማንም። ከቺሮ እንዲሁ ታስሮ ነው የመጣው። ጉዳይ ነበረዎት?»

«የለኝም» አለ። «በርቱ።»

ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመ። ደስ ብሎታል፤ የፈለገው ይህንኑ አልነበረም? ግን ከደስታው ሥር አንድ ነገር ይወጋዋል። በዚህ አገር ያለ እሱ የማይበራ ነገር አልቀረም። በዚያኛውም አገር እንዲሁ። ሁለቱንም በገዛ እጁ ቋጥሮ ጨርሷል። ወደ ቤቱ የሚሄደው እንደ እንግዳ መሰለው፤ ተቀበሉኝ ብሎ ሶፋ ላይ ሊቀመጥ።

ስልኩ ጮኸ። እሑድ አይደለም። ዮሐና ናት።

«አባዬ፣ የት ደረስክ?»

«ቦርደዴ።»

«ሩቅ ነው?»

«አይ፣ ወደ እናንተ ነው የሚቀርበው።»

«አባዬ፣ ቲቪው እምቢ አለ።»

«ምነው? ቋጠሮውን እየቆጠርሽ አትሰኪውም?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናቷ እንዳትሰማት፣ «ፈታሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ክሩን። ሁሉንም ፈታሁት። ነጥቡንም በምራቄ አጠፋሁት፣ ገመዶቹንም ነቀልኳቸው። አንተ ስትመጣ እንድትሰካው ነው።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ተሳፋሪዎች እየሮጡ ይገባሉ። ኃይለየሱስ ሻንጣውን በአንድ እጁ ይዞ ቆመ።

«አባዬ? ተቆጣህ?»

«አልተቆጣሁም» አለ። «እስክመጣ ማንም እንዳይነካው።»